ከባዝራ ጋጣ የተቀዳው መድኃኒት

በካናዳ ማኒቶባ ክረምት ሲገባ ሜዳው ለወራት በረዶ ለብሶ ይከርማል። በዚያ ወቅት በአንዳንድ እርሻዎች፣ በረጃጅም ጋጣዎች ውስጥ፣ ያረገዙ ባዝራዎች ጎን ለጎን ታስረው ይቆማሉ። ከእያንዳንዷ ባዝራ በስተኋላ የጎማ ከረጢት በማሰሪያ ተንጠልጥሏል፤ ከከረጢቱ የሚወርድ ቱቦ ሽንቷን ወደ ማጠራቀሚያ ያደርሳል። የተጠራቀመው በጭነት መኪና ብራንደን ከተማ ወዳለ ፋብሪካ ይሄዳል። እዚያ ተጣርቶ ተጣርቶ የሚቀረው ኢስትሮጅን ክኒን ይሆንና ፕሪማሪን የሚል ስም ይዞ ዓለምን ይዞራል።

በ1990ዎቹ ፕሪማሪን በአሜሪካ እጅግ በብዛት ከሚታዘዙ መድኃኒቶች ተርታ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክኒኑን የምትውጠው ሴት የፈረሶቹ ነገር አያሳስባትም ነበር። የምትፈልገው ሌሊት አንሶላዋን የሚያርሰው ላብ እንዲቆምላት፣ እንቅልፍ እንዲወስዳት፣ በሆነው ባልሆነው ሆድ መባሷ እንዲተዋት ነው።

አንዲት ሴት የወር አበባዋ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር አርጣለች ይባላል። በአሜሪካ ይህ የሚሆነው በአማካይ በ51 ዓመት ገደማ ነው። ጭንቁ የሚበረታው ግን ከዚያ በፊትና በዚያው አካባቢ ባሉት ዓመታት ነው። ብዙ ሰው ሆርሞኑ ዘይቱ እንዳለቀ ኩራዝ ቀስ እያለ የሚጠፋ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ኢስትሮጅን አንድ ወር ከወጣትነት መጠኑ በላይ ይዘላል፣ በሚቀጥለው ያሽቆለቁላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ይህን ውጣ ውረድ አንዷ ሳታስተውለው ታልፈዋለች፤ ሌላዋን ከሥራዋም፣ ከትዳሯም፣ ከራሷም ጋር ያጣላታል። ሁለቱ ቢመረመሩ ደግሞ በደማቸው ያለው የሆርሞን መጠን ተመሳሳይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሐኪሞች ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አምነው ለመቀበል ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ፈጅቶባቸዋል። እስከዚያው ድረስ ያረጠችውን ሴት አንዴ አእምሮዋ የተነካ፣ አንዴ ሰውነቷ የጎደለ አድርገው ሲያክሟት ኖሩ።

ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን ሜኖፖዝ የሚለውን ስም ያወጣው ሻርል ደ ጋርዳን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ በ1821 ባሳተመው መጽሐፉ አስገባው። ከእሱ በኋላ ጉዳዩን የራሱ ያደረገው የለንደኑ ኤድዋርድ ቲልት ነበር። ቲልት በ1857 ስለ ማረጥ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፤ ታካሚዎቹን እየቆጠረ፣ ምን እንዳመማቸው እየዘረዘረ መዘገበ። በትጋቱ የሚታማ አልነበረም። ሕክምናው ግን የዘመኑ ሕክምና ነው፤ ደም ማፍሰስ፣ አልቅት ማስያዝ፣ ኦፒየምና ሌሎች ማስታገሻዎች። ላብ ያጠመቃትን ሴት ደም አፍስሶ መሸኘት ያኔ ወግ ነበር።

የአእምሮ ሐኪሞችም የየድርሻቸውን አዋጡ። በእንግሊዝ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያዎች መዝገብ ላይ በማረጥ ዕድሜ የመጣ እብደት የሚል ምርመራ ይጻፍ ነበር። ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፕሊን ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ ዕድሜ ለሚከሰት ከባድ ድባቴ በመማሪያ መጽሐፉ የራሱን ቦታ ሰጠው። ይህ ምርመራ ብዙ አሥርት ዓመታት ኖረ። በ1979 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚርና ዋይስማን በማረጥ ዕድሜ የሚመጣው ድባቴ በሌላ ዕድሜ ከሚመጣው የተለየ በሽታ አለመሆኑን አሳየች፤ በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከመመሪያው ሰረዘው። መሰረዙ ተገቢ ነበር። ሆኖም ሚዛኑ ወደ ሌላው ጫፍ አጋደለ። ማረጥና ስሜት ጭራሽ አይገናኙም የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰደደ፣ በእርግጥም በዚያ ዕድሜ ስሜታቸው የሚናጋ ሴቶች ሰሚ አጡ።

ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንመለስ፤ ከሁሉ የከፋው ገና ነውና። በ1872 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ሮም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሮበርት ባቲ የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንዲት ሴት ጤነኛ እንቁልጢዎችን አወጣ። እንቁልጢ ማለት እንቁላልም የሴት ሆርሞንም የሚመነጩበት አካል ነው። ባቲ ያሰበው በወር አበባዋ ጊዜ የሚነሳባትን ሕመም ከሥሩ ለመንቀል ነበር። ቀዶ ሕክምናው በስሙ ተጠርቶ አትላንቲክን ተሻገረ፤ ለነርቭ ሕመም፣ ለሚጥል በሽታ፣ አልፎ አልፎም ጠባያቸው አስቸግሯል ለተባሉ ሴቶች ሁሉ ይሠራ ጀመር። አንዳንዶቹ በቀዶው ሞቱ። የተረፉት በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው በአንድ ጀምበር አረጡ።

ከዚህ ጭካኔ አንድ እውቀት ወጣ። እንቁልጢያቸው የወጣባቸው ወጣቶች ድንገት ሰውነትን የሚያግለው ሙቀት፣ ላቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወዲያው ሲጀምራቸው ሐኪሞች አንድ ነገር ጠረጠሩ፤ ይህ አካል ወደ ደም የሚረጨው ነገር አለ ማለት ነው። በ1889 በፓሪስ የ72 ዓመቱ ሻርል ኤድዋርድ ብራውን ሴካር ከእንስሳት የወንድ ዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ጎልማሳነቴ ተመለሰ ሲል፣ ግማሹ ሳቀበት፣ ግማሹ ተከተለው። በ1896 በርሊን ውስጥ እንቁልጢያቸው ለወጣ ሴቶች የላም እንቁልጢ መስጠት ተጀመረ። የጀርመኑ መርክ ኩባንያም ደርቆ የተፈጨ የላም እንቁልጢ ኦቫሪን በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ዱቄቱ ቡናማ ነበር፤ ከማስታገስ አልፎ የሠራው ነገር ስለመኖሩ ያጠራጥራል። በዚያው ዘመን ቪየና ላይ ኤሚል ክናወር የጥንቸል እንቁልጢ ከቦታው ነቅሎ ሌላ ቦታ በመትከል ነገሩ በነርቭ ሳይሆን በደም በኩል እንደሚሠራ አስመሰከረ። ለእንደዚህ ያሉ በደም ተጓዥ መልእክተኞች ሆርሞን የሚለው ስም የወጣላቸው በ1905 ነው፤ ያወጣውም እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ።

ቀጥሎ የመጣው የፋብሪካና የቄራ ዘመን ነው። በ1923 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ ከአሳማ እንቁልጢ የቀዱት ፈሳሽ በአይጦች ላይ የሴትነት ዑደት እንደሚቀሰቅስ አሳዩ። በ1929 ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡቴናንት በጀርመን፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ከኢስትሮጅን ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ኢስትሮንን በንጹሕ ክሪስታል መልክ አወጡ። ዶይዚ ግን በዚህ አልረካም፤ ከሆርሞኖቹ ሁሉ ኃይለኛ የሆነውን ኢስትራዲዮልን ፈለገ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ለዚህ የፈጀው የአሳማ እንቁልጢ አራት ቶን ነው። ከአራት ቶኑ የተገኘው 12 ሚሊግራም ብቻ ነበር። በጣት ጫፍ ለማንሳት የሚያስቸግር ብናኝ ማለት ነው። በቄራ የሚሠራ መድኃኒት ለአንድ ከተማ ሴቶች እንኳ እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር የለም።

መፍትሔው ከሽንት ቤት መጣ። በ1927 በርሊን ላይ ዜልማር አሽሃይምና በርንሃርድ ሶንዴክ የነፍሰ ጡር ሽንት በሆርሞን የተሞላ መሆኑን አገኙ፤ ሶንዴክ በ1930 ያረገዘች ባዝራ ሽንት ደግሞ ከሁሉ እንደሚበልጥ አሳወቀ። አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከሥራው ተባረረ፣ በስቶክሆልም በኩል አድርጎ ኢየሩሳሌም ገባ። ከኢንሱሊን ፈልሳፊዎች ጋር ስሙ የሚነሳው ካናዳዊው ጄምስ ኮሊፕ ሞንትሪያል ላይ በመጀመሪያ ከሴቶች የእንግዴ ልጅና ሽንት መድኃኒት ሠርቶ ነበር፤ ውድ ሆነ፣ ምንጩም አልበቃ አለ። መድኃኒቱን የሚሸጠው ኤየርስት ኩባንያ ፊቱን ወደ ፈረሶች አዞረ። ፕሪማሪን በ1941 በካናዳ፣ በ1942 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ።

በዚያው ሰሞን ርካሽ ተፎካካሪ ነበረው። በ1938 ለንደን ላይ ቻርልስ ዶድስ በቤተ ሙከራ የተቀመመ ኢስትሮጅን፣ ዳይኢትልስቲልቤስትሮልን ፈለሰመ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ስላልወጣበት ማንም ያመርተው ነበር። በአሜሪካ በ1941 ለማረጥ ችግሮች ተፈቀደ። ኋላ ሐኪሞች ፅንስ እንዳይጨነግፍ እያሉ ለነፍሰ ጡሮች ያድሉት ጀመር። በ1971 ቦስተን ላይ ስምንት ወጣት ሴቶች ብርቅ በሆነ የብልት ካንሰር ተይዘው ሲመረመሩ የሰባቱ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይህንኑ መድኃኒት መውሰዳቸው ታወቀ። መዘዙ ከእናት ወደ ልጅ የተሻገረ መድኃኒት በመሆኑ ሕክምናው እስከ ዛሬ ይጠቅሰዋል።

ፕሪማሪንን ወደ ሰማይ ያወጣው ሽንቱም ኬሚስትሪውም አይደለም፤ አንድ መጽሐፍ ነው። የኒውዮርኩ የማህፀን ሐኪም ሮበርት ዊልሰን በ1966 ሴትነት ለዘለዓለም ይዘልቃል የሚል መልእክት ያለው መጽሐፍ አወጣ፤ በሰባት ወር ውስጥ 100,000 ቅጂ ተሸጠ። ዊልሰን ማረጥን እንደ ስኳር በሽታ ያለ ጉድለት አድርጎ ሣለው፤ ስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን እንደሚያስፈልገው ሁሉ ያረጠች ሴትም እስከ ሞቷ ድረስ ኢስትሮጅን ያስፈልጋታል አለ። መጽሐፉን ዛሬ ያነበበ ሰው የሚገርመው የሴቶቹ ድምፅ ማነሱ ነው። ባሎች ግን ሞልተዋል። ሚስቴን ካላዳንክልኝ እገድላታለሁ ብሎ ሽጉጥ ይዞ የመጣ ባል ሳይቀር ተተርኮበታል። የዊልሰንን ሥራ መድኃኒቱን የሚሸጠው ኩባንያ በገንዘብ ይደግፈው እንደነበር የገዛ ልጁ በ2002 ተናገረ።

ፌሽታው በታኅሣሥ 1975 ተቋረጠ። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በአንድ እትሙ ሁለት ጥናቶች ይዞ ወጣ፤ ኢስትሮጅን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በአንዱ ጥናት 4.5 እጥፍ፣ በሌላው 7.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ኢስትሮጅን ሽፋኑን ያደልበዋል፣ የሚያስቆመው ሌላ ሆርሞን ከሌለ ማደጉ ልጓም ያጣል። መላው ሲገኝ ቀላል ነበር፤ ማህፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉን መጨመር። በ1980ዎቹ ሽያጩ ተመልሶ አንሰራራ፤ አጥንት እንዳይሳሳ ይከላከላል መባሉም ረዳው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማረጥ ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር። ከጠየቁት መካከል አንዷ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ዶክተር የውብዳር በየነ ናቸው። በሜክሲኮ ዩካታን ከማያ ገበሬ ሴቶች ጋር፣ በግሪክ ኤቪያ ደሴት ደግሞ ከግሪክ ገበሬ ሴቶች ጋር ተቀምጠው ስለ ወር አበባቸው፣ ስለ ወሊዳቸውና ስለ ማረጣቸው ጠየቁ። ጥናታቸው በ1989 በመጽሐፍ ታተመ። ግሪኮቹ ሙቀቱንም ላቡንም ያውቁታል፤ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ በሽታ ነው ብለው ግን አያስቡም። የማያዎቹ ሴቶች ሙቀት የሚባል ነገር ደርሶብን አያውቅም አሉ። እንዲያውም የሚጠብቁት ዕድሜ ነበር፤ ከመውለድም ከወር አበባ ክልከላም የሚያሳርፍ። በ1993 እሳቸው ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የማያዎቹን ደም ሲያስመረምሩ ኢስትሮጅናቸው እንደ አሜሪካውያኑ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሆርሞኑ ወርዷል፣ ሙቀቱ ግን የለም። ምግባቸው ይሆን፣ ብዙ መውለዳቸውና ረጅም ጊዜ ማጥባታቸው፣ ወይስ ባህላቸው? ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ የዊልሰንን የጉድለት ትምህርት ግን ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀው ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የማያዎቹ እፎይታ እንግዳ አይሆንበትም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወር አበባ ላይ ያለች ምእመን ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ በቅጥር ግቢው ሆና ታስቀድሳለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች በሰሜን ኢትዮጵያ ሳሉ አበባቸው ሲመጣ ከቤታቸው ወጥተው ለብቻ በተሠራ የመርገም ጎጆ ይሰነብቱ ነበር፤ ያረጠች ከዚህ ሁሉ ትገላገላለች። በክርስቲያኑ ዘንድ ልጆቿን ድራ፣ ወግ ማዕረግ አይታ ቆብ የምትደፋ እናትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ዕድሜ ላይ ያለች ናት። ክብሩና ነፃነቱ ግን ሰውነቷ ዝም ብሏል ማለት አይደለም። ሌሊት ጋቢዋን ገፍፋ በር የምትከፍት፣ ጠዋት ለምን ከሰው ጋር እንደተጋጨች የማታውቅ እናት በየቤቱ አለች። ያሳፍራል ብላ አትናገርም፤ ጠያቂም የላት።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፣ በ1991 የብሔራዊ የጤና ተቋማት የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር በርናዲን ሂሊ ታላቁን የሴቶች ጤና ጥናት አስጀመረች። በጠቅላላው ከ161,000 በላይ ሴቶች ገቡበት። ከእነዚህ 16,608ቱ ማህፀን ያላቸው ሲሆኑ፣ በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን መሰል የሆነ ፕሮጄስቲን፣ ግማሾቹ ፍሬ የሌለበት አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። ዋናው ጥያቄ ሆርሞን ልብን ይጠብቃል ወይ የሚል ነበር። በሐምሌ 2002 ጥናቱ ከቀጠሮው በፊት ቆመ። በዓመት ከ10,000 ሴቶች የጡት ካንሰር የሚይዛቸው አስመሳዩን ከወሰዱት 30፣ ሆርሞኑን ከወሰዱት 38 ሆኑ። የልብ ሕመም ከ30 ወደ 37፣ ስትሮክ ከ21 ወደ 29 ከፍ አለ። የዳሌ አጥንት ስብራት በአንጻሩ ከ15 ወደ 10፣ የአንጀት ካንሰር ከ16 ወደ 10 ወረደ።

ዜናው እንደ እሳት ተዛመተ። ሁለቱን ሆርሞኖች የያዘው ፕሪምፕሮ በዓመት ውስጥ ማዘዣው በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። ብዙ ሴቶች ክኒኑን ከነጠርሙሱ ጣሉት፤ ብዙ ሐኪሞችም ለአዲስ ታካሚ መጻፍ ተዉ። ማኒቶባ ድረስ ተሰማ፤ በ2003 ኩባንያው ከብዙ ገበሬዎች ጋር የነበረውን ውል ሲያቋርጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች ገዢ ፍለጋ ወጡ።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ የተዘነጋው የሴቶቹ ዕድሜ ነው። በጥናቱ የተሳተፉት በአማካይ 63 ዓመታቸው ነበር፤ አብዛኞቹ ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሙቀቱ የሚያንገበግባት የ48 ዓመት ሴት እዚያ ውስጥ አልነበረችም። ቀሪዎቹ ዓመታት ይህን ሲያስተካክሉ አለፉ። ማህፀናቸው ወጥቶ ኢስትሮጅን ብቻ በወሰዱት 10,739 ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም። በ2017 የወጣው የ18 ዓመት ክትትል ሆርሞን የወሰዱትና ያልወሰዱት በሞት እንደማይለያዩ አሳየ። በኅዳር 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሆርሞን መድኃኒቶች ላይ ከተለጠፈው ከባድ ማስጠንቀቂያ አብዛኛው እንዲነሳ እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ ኢስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ ያለው የማህፀን ካንሰር ማስጠንቀቂያ ግን ባለበት ይቆያል። ያም ሆኖ በ2002 ክኒናቸውን ጥለው በላብና በእንቅልፍ ማጣት ዓመታት የገፉትን ሴቶች የካሰ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ማረጥ ለምን አንዷን ይጥላታል፣ ሌላዋን ይተዋታል? መልሱ የመጣው የማረጥን ክኒን ከሚሸጡት ዘንድ አልነበረም፤ ዋሽንግተን አጠገብ ቤተስዳ ካለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም፣ ከተመራማሪዎቹ ከፒተር ሽሚትና ከዴቪድ ሩቢኖው ነው። በ1998 ያሳተሙት ሙከራ መንገዱን ከፈተ። ወር አበባቸው ሊመጣ ሲል ስሜታቸው በጣም የሚናወጥ ሴቶችን ሆርሞን በመድኃኒት አጠፉት፤ ብዙዎቹ ተረጋጉ። ከዚያ ኢስትሮጅን ወይም ፕሮጄስትሮን መልሰው ሲሰጧቸው ሁከቱ ተመለሰ። ይኸው ሁሉ እንዲህ ያለ ችግር በሌለባቸው ሴቶች ላይ ሲደረግ ምንም አልመጣም። በ2000 ደግሞ ከወሊድ በኋላ ድባቴ ይዟቸው የሚያውቅ ስምንት ሴቶችንና ይዟቸው የማያውቅ ስምንት ሴቶችን ወስደው፣ ሆርሞናቸውን እንደ ነፍሰ ጡር ከፍ አድርገው ድንገት አቋረጡባቸው። ከመጀመሪያዎቹ ስምንት አምስቱ ስሜታቸው ተናጋ። ከሌሎቹ አንዷም አልተነካችም።

በ2015 የታተመው ሙከራ በቀጥታ ስለ ማረጥ ነው። በማረጥ ሰሞን ድባቴ ይዟቸው የነበሩና ይዟቸው የማያውቅ፣ ሁሉም ያረጡ ሴቶች፣ ለሦስት ሳምንት ኢስትራዲዮል በቆዳቸው ላይ ተለጠፈላቸው። ሁሉም ደህና ነበሩ። ከዚያ ሴቶቹም ሐኪሞቹም ሳያውቁ የገሚሶቹ ልጥፍ በአስመሳይ ተለወጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀድሞው ድባቴ የተመለሰው ቀድሞ ይዟቸው በነበሩትና ሆርሞኑ በተቋረጠባቸው ላይ ብቻ ነው። ተመሳሳይ መቋረጥ የደረሰባቸው ሌሎቹ ሴቶች ስሜታቸው አልተነቃነቀም። በሁለቱ ወገን የሆርሞኑ መጠንም፣ የሙቀቱ ብርታትም ያው ነበር። እነዚህ ሴቶች የጎደላቸው ነገር ከሌሎቹ አይበልጥም፤ አንጎላቸው ለለውጡ የሚሰጠው ምላሽ ይለያል።

የሙቀቱም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዲትሮይት ላይ ሮበርት ፍሪድማን በ1999 እንዳሳየው፣ ሙቀቱ በማያስቸግራት ሴት የውስጥ ሙቀቷ 0.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ቢዋዥቅ ሰውነቷ ዝም ይላል፤ በሚያስቸግራት ሴት ይህ የመታገስ ልክ ዜሮ ላይ ደርሷል። ትኩስ ሻይ፣ ደረጃ መውጣት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ላብ ለመጥራት ይበቃል። ለምን እንደሚጠብ የጠቆመችው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዋ ናኦሚ ራንስ ናት። የሞቱ ሴቶችን አንጎል በማጉያ መነጽር ስትመረምር፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ አካባቢ፣ ካረጡት ሴቶች ዘንድ አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ፋፍተው አገኘች። ኢስትሮጅን ያሳረፈባቸው ልጓም ሲላላ እነዚህ ሴሎች ኒውሮኪኒን ቢ የተባለ መልእክተኛ እያበዙ ይጮኻሉ። ለንደን ላይ ይህን መልእክት የሚዘጋ መድኃኒት ተሞክሮ ውጤቱ በ2017 ታተመ፤ በግንቦት 2023 የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ክኒን፣ ፌዞሊኔታንት፣ በአሜሪካ ተፈቀደ። ሆርሞን የለበትም፤ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ግን በ2024 መጨረሻ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል።

በዚህ ዘመን የሚታዘዘው ኢስትሮጅንም ከባዝራ ጋጣ እየራቀ ነው። በቆዳ የሚለጠፈውና የሚቀባው ኢስትራዲዮል ከዕፅዋት ተነስቶ ይቀመማል፣ የሰውነት የራሱ ሆርሞን አምሳያ ነው፣ እንደ ክኒኑ መጀመሪያ በጉበት በኩል ስለማያልፍ በደም መርጋት ረገድ ከክኒኑ ይሻላል። በ2018 የወጣ ሙከራ በማረጥ ሰሞን ላይ ያሉ 172 ሴቶችን ተከታትሎ፣ ልጥፉንና ፕሮጄስትሮንን ከወሰዱት የድባቴ ምልክት የታየባቸው 17 በመቶ፣ አስመሳዩን ከወሰዱት 32 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ሆርሞን የማይስማማቸው፣ ለምሳሌ የጡት ካንሰር የነበረባቸው ሴቶች፣ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችና የንግግር ሕክምና ሙቀቱን ሲያስታግሱላቸው ይታያል። ጊዜውም አጭር አይደለም፤ በአሜሪካ በ1996 የተጀመረው የረጅም ጊዜ ክትትል ሙቀቱ በተደጋጋሚ የሚያስቸግራቸው ሴቶች መካከለኛው ቆይታ 7.4 ዓመት፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ 10.1 ዓመት መሆኑን አግኝቷል። አልፎ ይሄዳል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከአርባ ዓመት በኋላ ስሜቷ የተናጋባት፣ እንቅልፍ የራቃት፣ ሌሊት በላብ የምትነቃ ሴት ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ስለ ዛሬው ብቻ አትናገር። ከወለደች በኋላ ሐዘን ተጭኗት እንደነበር፣ አበባዋ ሊመጣ ሲል ያነጫንጫት እንደነበር፣ የወሊድ መከላከያ ስሜቷን ለውጦት እንደሆነ ትንገረው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ በራሷም በቤተሰቧም ካለ አትደብቅ። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሎ ከሸኛት ሌላ ሐኪም ትጠይቅ።